በቦቴያችን በር ላይ ያለው ሳሙራይ

ውድ አባ ሰሚራ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው፤ ነጌሌ ላይ ትልቁ ዝናብ ሁለት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል፣ አንዱ ደህና፣ አንዱ ለስሙ ያህል። ቤቱ ደህና ነው። እናትህ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። ሰሚራ አዲስ አበባ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ወፈርሽ ይሉኛል፣ እሰየው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ አንተም ዙሪያ ጥምጥም አትወድም። የውሃ ቦቴውን አልሸጥኩትም። ሽጪው ብለኸኝ ነበር፣ አውቃለሁ። በመጨረሻው ሰሞን አልጋህ ላይ ሆነህ እጄን ይዘህ፣ እንደኔው ውሃ ለሚያመላልሰው ለደጀኔ ሽጪው፣ አንቺ ሱቅሽን ይዘሽ በጥላ ተቀመጪ አልከኝ። እኔም እሺ አልኩህ። እሺ ያልኩህ ልብህ እንዲያርፍ ነው እንጂ ልሸጠው አስቤ አይደለም። ይኸው አሁን ደጃፋችን ላይ ሆዱ ሞልቶ ቆሟል፤ ነገ ጠዋት የምነዳውም እኔው ነኝ።

መቆጣትህ አይቀርም። ተቆጣ፣ መብትህ ነው። ግን መጀመሪያ እህ ብለህ ስማኝ፤ የምነግርህ ሌላም ጉድ አለ። ያ በቦቴው በር ላይ ያሳልከው የጃፓን ተዋጊ ፈረሱን የሚያጥበው በውሃ አይደለም። በሩዝ ነው። አዎ፣ በሩዝ! ይሄ በሥጋ የምትበላው ሩዝ!

ሥዕሉ እንዴት እቤታችን እንደገባ አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ ሳወራው መስማት ትወድ ስለነበር ልድገመው። ደርግ ወድቆ አገር ሲረጋጋ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ከመጡት ጋር አንድ ጃፓናዊ ኢንጂነር ነበረ። አንተ ቱቦ የሚጭነውን መኪና ትነዳለህ። አማርኛ አይችል፣ ኦሮምኛ አይችል፤ አንተ ደግሞ የሱን አትችል። ሁለታችሁ ግን ከአንድ ሳህን እየበላችሁ፣ አንድ ጎማ አብራችሁ እየቀየራችሁ ስንት በረሃ ዞራችሁ። ሲሄድ በቱቦ የተጠቀለለ ወረቀት ሰጠህ። እቤት አምጥተህ አልጋው ላይ ዘረጋኸው፤ እየተጠቀለለ ሲያስቸግርህ እኔ አራቱን ጥግ በብርጭቆ ያዝኩልህ።

በእንጨት ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ነው። በወገቡ ሁለት ሰይፍ የሻጠ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ከጎኑ ጥቁር ፈረስ አለ። ሰውዬው በረጅም ጭልፋ ነጭ ነገር ፈረሱ ጀርባ ላይ ያንቆረቁራል። ከገደሉ ሥር ሩቅ፣ ትንንሽ ባንዲራ የያዘ ሠራዊት ይታያል። ፈረሱ እግር ሥር ደግሞ ወፎች ተሰብስበዋል። ጃፓናዊው ሊያስረዳህ ሲሞክር መጀመሪያ የመቅዳትና የማፍሰስ ምልክት በእጁ አሳየህ፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን ነካና ምላሱን አውጥቶ አለከለከ። አንተም ወዲያው ገባህ። ውሃ! የውሃ ሰው አይደለህ፣ ከውሃ ሌላ ምን ይገባሃል!

እኔ ጠይቄህ ነበር። ፈረሱ ለምን አልራሰም ብልህ፣ የጃፓን ፈረስ ፀጉሩ ቅባት ነው አልከኝ። እንዴት አወቅክ ብልህ፣ ሳቅክ። ስለ ወፎቹ ግን አልጠየቅኩህም፤ ማንም አልጠየቀህም። እኛ አገር አንዲት ቧንቧ ካንጠባጠበች ወፍ ሁሉ ከየት መጣ ሳይባል ይወርዳል። ሥዕሉን ያየ ነጌሌ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ አይ ሊጠጡ መጥተው ነው ብሎ አለፈ።

እናትህ ሰው የተሳለበት ነገር ሶላት የሚሰገድበት ክፍል አይሰቀልም ብለው ስለከለከሉ ኮሪደሩ ላይ፣ ከውሃ በርሜሉ በላይ ሰቀልከው። ቦቴውን የገዛህ ጊዜ ደግሞ ያ ታፔላ ጻፊ እንዲገለብጠው አደረግክ። ምስኪን፣ የሰውዬው ፊት አልሆንልህ ሲለው ያንተን ጺም ሣለለት። የሰይፍ ባለቤት፣ ጺሙ የሾፌር! ሦስት ቀን ሙሉ ስስቅብህ አንተ ኮራህ እንጂ አላፈርክም። ከዚያ በኋላ በፊልቱ መንገድም በአሬሮ መንገድም ልጆች አቧራህን ከሩቅ ሲያዩ ፈርዳ! ፈርዳ! እያሉ ይሮጣሉ። ፈረሱ መጣ፣ ውሃ መጣ ማለታቸው ነው።

እንግዲህ አንተ ሄድክ። ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳ ትቀመጣለች፤ እኔም እንደ ደንቡ ከቤት ሳልወጣ ተቀመጥኩ። ቦቴውም አብሮኝ ተቀመጠ። ደጀኔ ግን አልተቀመጠም። ለቅሶ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ፣ እትዬ ዘሃራ እኔ አለሁልሽ አለኝ፤ ከደጃፌ ሲወጣ ደግሞ የሟቹ ቦቴ ከሟቹ ጋር ተቀብሯል እያለ በየገበያው አወራ። የሱ ቦቴ እስከ ሜጋ ድረስ ይታወቃል፣ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ፍላጎቱ የኛን ብረት አይደለም፤ ያንተን መንገድ ነው። በጋ ሲገባ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለየመንደራቸው ውሃ የሚያመላልሰውን ይመርጣሉ። ያን ቀን መኪናው ደህና ካልሆነ ያንተ መንገድ አበቃ ማለት ነው።

ኢዳዬን ጨርሼ ወጥቼ ሞተሩን ባስነሳው ተነሳ። ማርሽ ባስገባ አልገባም። ቆሞ ቆሞ ፍሪሲዮኑ ተጣብቋል። መካኒኩ ገብቶ አየውና ዲስኩ መቀየር አለበት፣ ከሻሸመኔ መምጣት አለበት አለ። ስብሰባው ደርሷል፣ ዕቃው የለም። ምን ላድርግ? አንተ ታንኩ ሲሞላ ውሃው እንዳይሞቅ ጆንያ አርጥበህ ከላይ ታለብሰው አልነበር? ነጌሌ ውስጥ ያ ጆንያ ሲያንጠባጥብ ያየ ሁሉ ቦቴው ሙሉ ነው ይላል። እኔም ባዶ ታንክ ላይ ጆንያውን አለበስኩት። ጠዋት ጠዋት ከበርሜላችን ቀንሼ አረጥበዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። ደጀኔ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ያየዋል። ፊቱን ብታየው! ስኳሩን እንኳን ማማሰል ረሳ። ወላሂ ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

ታዲያ አንድ ቀን ኦቦ ጉዮ መጡ። እኚያ ከአሬሮ መንገድ ገባ ብሎ ያለው መንደር ሽማግሌ፣ ከብት ገበያ ሲመጡ ደጃፋችን አረፍ ሳይሉ የማይሄዱት። አካም፣ ናጋ ተባባልን፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ሣር ተጠያየቅን። ከዚያ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ቦቴው ኋላ ሄዱ። አንተ ያን ቧንቧ ቆልፈኸው አታውቅም፤ መንገደኛ ሳይጠይቅ ከፍቶ ይጠጣል። እሳቸውም እንደለመዱት ከፈቱት። ፉ አለ። ነፋስ ብቻ!

ዞር ብለው አዩኝ። ሻይ ቤቱም አየኝ። ቧንቧው ተደፍኖ ነው ብል ያልፋል፤ ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የጠማው ሰው ቧንቧ ይዞ ቆሞ እያየኝ ግን ስለ ውሃ መዋሸት አቃተኝ። ባዶ ነው፣ ኦቦ፣ አልኳቸው። ፍሪሲዮኑ ተበላሽቷል፣ ጆንያውን ያረጠብኩት ደጀኔ እንዲፈራ ነው አልኳቸው። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ምን ያስደብቀኛል ከእንግዲህ። ከዚያ ኮሪደሩ ድረስ አስገብቼ ከበርሜላችን አጠጣኋቸው፣ ጀሪካናቸውንም ሞላሁላቸው።

እሳቸው በርሜሉ ውስጥ አጎንብሰው አዩ። የቀረንን ሲያዩ ጀሪካናቸውን አንስተው ግማሹን መልሰው ገለበጡት። ከዚያ ወጡና ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ከታንኩ ላይ አወረዱ፣ ጨመቁ፣ አጣጠፉና አስታቀፉኝ። መጀመሪያ መኪናሽን አሠሪ አሉኝና በትራቸውን ይዘው ሄዱ። አባ ሰሚራ፣ ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ደግሞም እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

ስብሰባው ላይ ራሴ ሄድኩ። ሴት ብቻዬን ነበርኩ፤ እኔ እንደሆንኩ ሰው ሲበዛ ድምፄ ይጨምራል። ደጀኔ ተነሥቶ የጆንያውን ነገር ዘከዘከው። አልካድኩም፤ እውነቱን ነው፣ መኪናው ታሟል፣ ሲድን ግን እኔ እነዳዋለሁ አልኩ። ሳቁ። ያ ሁሉ ጎህ ሲቀድ ከከተማ ወጣ ብለን፣ ሰው እንዳያይሽ እያልክ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ በይ፣ ቀስ በይ እንጂ ኧረ ገደልሽኝ እያልክ ያስተማርከኝ ለማን ሆነና! መንጃ ፈቃዴን ከቦርሳዬ አውጥቼ እጅ ለእጅ አዞርኩት። ፎቶውን አይተው ጨርሰው እስኪመልሱልኝ ቆሜ ጠበቅኩ።

መንገድህን ሁሉ አስመለስኩልህ ብዬ አላጋንንም። የፊልቱን መንገድ መንደሮች ደጀኔ ወሰዳቸው። ሽማግሌዎቹ ትክክል ናቸው፣ የሱ መኪና ይሄዳል፣ ከብት ደግሞ ይጠማዋል። እኔን የጠበቀኝ የኦቦ ጉዮ መንደር ብቻ ነው፤ ያ ድንጋዩ ጎማ የሚበላ፣ ደጀኔም ያልፈለገው መንገድ። ዕቃው እስኪመጣ እንታገሣለን፣ ግን ጆንያ እርጥብ ሆኖ ካየን ውስጡ ውሃ ይኑር አሉ ኦቦ ጉዮ። እሺ አልኩ። ይሄኛው እሺ የእውነት ነው።

ዲስኩ መጣ፣ ተገጠመ። የመጀመሪያ ቀን ደረቁን ወንዝ ስሻገር አሸዋው ጎማውን ሊውጠው ነበር፤ በአንደኛ ማርሽ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ እየተሳደብኩ ወጣሁ። ማዶ ስደርስ ልጆቹ ከቁጥቋጦው ብቅ ብለው ፈርዳ! ብለው ጮኹ። መኪናውን አቁሜ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ ወርጄ ቧንቧውን ከፈትኩ። በዚያ በጋ ውሃ አንድ ቀን እንኳን አልጎደለባቸውም። በዓመቱ ከፊልቱ መንገድ ሁለት መንደር ራሳቸው ላኩብኝ፤ ደጀኔ ቧንቧው ላይ ቁልፍ አድርጓል አሉ፣ መንገደኛ አያጠጣም። ደጀኔ አሁንም ይመጣል፣ ሽጪልኝ ይላል። ሻይ አጠጥቼ እሸኘዋለሁ።

አሁን ወደ ሩዙ ልመለስ። ሰሚራ ሥዕሉን በስልኳ አንስታው ሄዳ ነበር፣ ስትናፍቅ የምታየው። ዩኒቨርሲቲያቸው ውስጥ ጃፓንኛ የምታስተምር ሴት ጥጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችላትና ታሪኩን ነገረቻት። ድሮ ነው አሉ። ተራራ ላይ ያለ ምሽግ በጠላት ተከበበ። ጠላት መግባት ቢያቅተው ውሃቸውን ቆረጠባቸው። ውስጥ ያሉት ጎተራ ሙሉ ሩዝ አላቸው፤ የሚጠጡት ግን ጠብታ የለም። ይሄ ሳሙራይ ታዲያ ፈረሱን ጠላት ከሚያየው አፋፍ አወጣና ነጩን ሩዝ በጭልፋ ያፈስበት ጀመር። ከታች ሆኖ ለሚያይ፣ ፀሐይ ሲመታው፣ ውሃ ይመስላል። ፈረስ የሚያጥቡበት ውሃ ካላቸው እዚህ ምን ያስቀምጠናል ብለው እንዲሄዱ ነው። ወፎቹ ደግሞ ሊጠጡ አይደለም የመጡት፤ ሩዙን ሊለቅሙ ነው። መጨረሻውን እንደየአገሩ ይለያዩበታል አሉ፤ አንዳንዱ ጠላት ተታሎ ሄደ ይላል፣ አንዳንዱ ወፎቹ አሳጡት ይላል።

በስልክ ስትነግረኝ እንደሳቅኩት ስቄ አላውቅም። እናትህ ምን ሆነች ብለው ከጓዳ ወጡ። ያን ሁሉ ዘመን አገር ለአገር ውሃ ስታድል፣ በርህ ላይ ውሃ ያለቀበትን ሰው ይዘህ ነው የዞርከው! እኔ ደግሞ ሳላውቀው ጆንያ አርጥቤ የሰውዬውን ሥራ ሠራሁ፤ እሱን ወፎቹ አሳጡት፣ እኔን ደግሞ የጠማቸው ሽማግሌ። ሰሚራ ሥዕሉ ከበሩ ላይ እንዲጠፋ ፈለገች፣ በውሃ መኪና ላይ ይሄ ያሳፍራል አለች። ተዪው አልኳት። ለኦቦ ጉዮም ታሪኩን ነገርኳቸው። አዳመጡ፣ ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ፈረሱስ፣ ፈረሱ በኋላ ጠጣ ወይ? ሰሚራን ጠየቅኳት፣ አታውቅም። መምህሯም አታውቅም። ኦቦ ጉዮ ታሪኩ አላለቀም ብለው እስካሁን ይከራከሩኛል።

ሳቄ ሲያልቅ ግን አንተን አሰብኩ። በሕመምህ ጊዜ እኔ ስመጣ ቀና ብለህ ትቀመጣለህ። ሁለት ጉርሻ ጎርሰህ ጠገብኩ፣ ደህና ነኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መሪ እይዛለሁ ትለኛለህ። ደጀኔ ሊጠይቅህ የመጣ ቀን ጺምህን አስላጭተህ በቀልድ ገደልከው። እኔም አመንኩህ። ለኔ ያፈሰስከው ሁሉ ሩዝ ነበር፣ የኔ ጌታ፣ ውስጥህ ደርቆ። ሽጪው ያልከኝ ቀን ብቻ ነው እውነተኛ ፊትህን ያየሁት። ፈርተህ ነበር። የፈራኸው ደግሞ ሞትን አይደለም፣ ስለኔ ነው፤ ያ በረሃ፣ ያ አሸዋ፣ ያ የወንድ ገበያ ብቻዋን ይውጣታል ብለህ ነው። ስለፈራህልኝ አልቀየምህም። ግን ተሳስተሃል። ይኸው አልዋጠኝም።

አንድ ነገር ግን ከበደኝ፣ እሱንም ልንገርህ። ድሮ መኪናው ሲመጣ በየመንደሩ ያንተን ስም ነበር የሚጠሩት። ባለፈው በጋ ግን አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ የዘሃራ ቦቴ መጣ፣ ውጪ ብላ ስትጣራ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። አዳዲሶቹ ልጆች አንተን አያውቁህም። ሰው ቢሰማኝ ደስ ሊልሽ ይገባል ይለኛል፤ እኔ ግን ከፋኝ። ቦቴውን አዳንኩ ብዬ አንተን ከመንገዱ ላይ ያወረድኩህ መሰለኝ።

በኋላ አሰብኩበት። እኔ እንደ ሠፈራችን ሴቶች ሁሉ አባ ሰሚራ እንዳልኩህ ኖርኩ እንጂ አንድ ቀን በስምህ ጠርቼህ አላውቅም። ስምህን የሚጠራልኝ መንገዱ ነበር። መንገዱ ካቆመ እንግዲህ ተራው የኔ ነው። ነገ እነ ኦቦ ጉዮ ዘንድ ስደርስ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ቀጂዎቹ ሲሰበሰቡ፣ ይሄን መንገድ ያወጣው ማን እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ከዚያም ወዲያ በደረስኩበት ሁሉ፣ ጉልበቴ መሪ እስከቻለ ድረስ እነግራለሁ። ከድር። ስሙ ከድር ነበር እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። ይኸው እዚህ እንኳን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። አፌም አልለመደውም፤ ይለምደዋል።

ዘሃራ
ነጌሌ ቦረና